ተወራራጁና የውርርዱ ዋጋ

ስለ በጋ የፈረስ እሽቅድምድምና ስለ ጎልፍ ውድድር ውርርድ ለሒሳብ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር




በኢትዮጵያ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናሙ በሚበረታበት የክረምት ወራት፣ ወደ ሰሜን ርቀው በሚገኙት የአውሮፓና የአሜሪካ አገሮች ቀኑ የሚረዝምበትና ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ የሚወጣበት በጋ ነው። በሰኔ ወር በእንግሊዝ አገር በአስኮት፣ ከሐምሌ ጀምሮ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በሳራቶጋ፣ በነሐሴ ደግሞ በፈረንሳይ በዶቪል ታላላቅ የፈረስ እሽቅድምድሞች ይደረጋሉ። በዚያው በሐምሌ ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው፣ «ኦፕን» የሚባለው ሻምፒዮና በብሪታንያና በሰሜን አየርላንድ የባሕር ዳር ሜዳዎች ይካሄዳል። ፈረሱ በሚሮጥበትና ኳሷ በምትመታበት ሥፍራ ሁሉ ግን አንድ ሁለተኛ ጨዋታ አለ፤ እርሱም በገንዘብ የሚደረገው ውርርድ ነው።

ስለ ፈረስ ዘርና ስለ ጋላቢ ችሎታ፣ ስለ ባሕር ነፋስና ስለ ሜዳው ሣር ብዙ የሚያውቁ ሰዎች በየበጋው በዚህ ሁለተኛ ጨዋታ ገንዘባቸውን ያጣሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ አብዛኞቹ ዕድላቸውን ይወቅሳሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ ዋናው ምክንያት በውርርዱ ዋጋ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን፣ ይህም ለሒሳብ ባለሙያ የማይሰወር ተራ ስሌት መሆኑን ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለዚህ ማኅበር አባላት ከመዝናኛነት የሚያልፍበት ምክንያት በመጨረሻው ክፍል ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለቱ ወገን የማይቆመው ሦስተኛ

«ውርርድ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የኢትዮጵያ የሙግት ሥርዓት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት ቆመው «በማር»፣ «በፈረስ»፣ «በበቅሎ» እያሉ ይወራረዱ ነበር። የተረታውም ወገን የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባ ነበር። እንግዲህ ከሳሽ ቢረታም ተከሳሽ ቢረታም ከሙግቱ የሚገኘው የዳኛው ድርሻ አይጓደልም ማለት ነው። ከሁለቱ ወገን ከአንዱም ጋር ሳይቆም ከውርርዱ ድርሻውን የሚያነሣ ሦስተኛ ሰው መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሳራቶጋም ሆነ በአስኮት የዚህ ሦስተኛ ሰው ቦታ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የጋራው ድምር

በፈረስ እሽቅድምድም ከሚሠራባቸው ሁለት የውርርድ ዓይነቶች አንደኛው በ1860ዎቹ ዓመታት በፓሪስ በዮሴፍ ኦለር የተጀመረው ነው። ይህ ሰው ኋላ በ1889 «ሙላን ሩዥ» የተባለውን የታወቀ የጭፈራ ቤት ካቋቋሙት አንዱ ነው። የዘዴው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ተወራራጆች ሁሉ ገንዘባቸውን ወደ አንድ ድምር ያገባሉ። አዘጋጁ ከድምሩ ላይ የተወሰነ ተቀናሽ ያነሣል። የቀረውን በአሸናፊው ፈረስ ላይ የተወራረዱት ሰዎች እንደ ገንዘባቸው መጠን ይከፋፈሉታል። ፈረንሳይ በ1891 ባወጣችው ሕግ ይህን ዘዴ በእሽቅድምድም ማኅበራት እጅ እንዲካሄድ ፈቀደች።

ዘዴው አንድ ችግር ነበረበት። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ከብዙ መስኮቶች የሚሸጠውን ቲኬት ደምሮ የእያንዳንዱን ፈረስ ዋጋ ለሕዝብ ማሳየት በሰው እጅ አድካሚ ነበር። መፍትሔውን ያገኘው የአውስትራሊያው መሐንዲስ ጆርጅ ጁልየስ ነው። ጁልየስ አስቀድሞ የሠራው የምርጫ ድምፅ የሚቆጥር መኪና ነበር፤ መንግሥት ሳይቀበለው ቢቀር መኪናውን ለውርርድ ቆጠራ እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው። የመጀመሪያውም በ1913 በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ከተማ በኤለርስሊ ሜዳ ተተከለ። ለድምፅ ቆጠራ የታሰበው መኪና የሕዝብን ግምት በገንዘብ መጠን የሚቆጥር ሆነ። በኒው ዮርክ ሜዳዎችም እስከ 1939 ድረስ የነበሩት አወራራጆች ቀርተው ከ1940 ጀምሮ ይኸው የጋራ ድምር ተተካ።

አሠራሩ በአኃዝ ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በአንድ ሩጫ የተሰበሰበው ድምር 100,000 ዶላር፣ ተቀናሹም 16 በመቶ ይሁን፤ ይህ በኒው ዮርክ በአሸናፊ ፈረስ ላይ ብቻ ለሚደረገው ውርርድ የሚሠራበት መጠን ነው። ለተወራራጆች የሚቀረው 84,000 ዶላር ነው። «ሀ» በተባለው ፈረስ ላይ 40,000 ዶላር ተወራርዶ ከሆነ፣ ፈረሱ ሲያሸንፍ በአንድ ዶላር 2.10 ዶላር ይከፈላል። ተቀናሽ ባይኖር ኖሮ የሚከፈለው 2.50 ነበር። «ለ» በተባለው ፈረስ ላይ የተወራረደው 25,000 ዶላር ከሆነ ስሌቱ 3.36 ይሰጣል፤ ነገር ግን በብዙ ሜዳዎች ለረጅም ጊዜ የተለመደው ክፍያውን ወደ ታች ወደ አሥር ሳንቲም ማጠጋጋት ስለ ነበረ የሚከፈለው 3.30 ይሆናል። ስድስት ሳንቲም ለአንድ ሰው ምንም አይደለም፤ በ25,000 ዶላር ላይ ግን 1,500 ዶላር ነው። በመዝገብ ላይ ትንሽ የሚመስል ማጠጋጋት ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሥራ ስድስት በመቶም ለአንድ ቀን ደስታ የማይበዛ ዋጋ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሳራቶጋ በአንድ ቀን አሥር ያህል ሩጫዎች ይደረጋሉ፤ ተወራራጁም ከአንዱ ሩጫ የተረፈውን በሚቀጥለው ላይ ያውለዋል። ተቀናሹ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሩጫ ይነሣል። ስለ ፈረስ ከሌላው ሕዝብ የማይበልጥም የማያንስም ዕውቀት ያላቸው ብዙ ሰዎች በነፍስ ወከፍ 1,000 ዶላር ይዘው ቢገቡና ያላቸውን ሁሉ ከሩጫ ወደ ሩጫ ቢያሻግሩ፣ ከአሥረኛው ሩጫ በኋላ በአማካይ የሚቀራቸው 175 ዶላር ያህል ነው። ብዙ ፈረሶችን በቅደም ተከተል ለመገመት በሚደረገው ውርርድ ደግሞ ተቀናሹ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል፤ በእርሱ ቢሄዱ የሚቀራቸው 64 ዶላር ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የማንም መጥፎ ዕድል አልገባበትም።

የአዋቂው ፈተና

«የሚያውቅ ሰው ግን ከሌላው ሕዝብ ይሻላል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የሳራቶጋ ታሪክ ለዚህ መልስ ጥንቃቄን ያስተምራል። ሜዳው በ1863፣ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች የተከፈተ ሲሆን፣ በየበጋው የሚደረገው «ትራቨርስ» የተባለው ሩጫ በ1864 ተጀምሯል። ይህ ሜዳ «የሻምፒዮኖች መቃብር» የሚል ስም አትርፏል። በሕይወቱ 21 ጊዜ ሮጦ 20 ጊዜ ያሸነፈው «ማን ኦ ዋር» በ1919 የተሸነፈባት አንዲት ሩጫ በሳራቶጋ የተደረገች ነበረች። በ1930 የዓመቱ ታላላቅ ሦስት ውድድሮች አሸናፊ የነበረው «ጋላንት ፎክስ» በጭቃ በተደረገው የትራቨርስ ሩጫ «ጂም ዳንዲ» በተባለ፣ በአንድ ዶላር መቶ ዶላር ትርፍ በሚያስገኝ ፈረስ ተቀደመ። በ1973 «ሴክሬታሪያት» በ«ኦኒየን» ተሸነፈ፤ በ2015ም «አሜሪካን ፋሮ» በ«ኪን አይስ» ተቀደመ።

እነዚህ ታሪኮች በተወራራጅ ልቡና ውስጥ የሚተዉት ትምህርት ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው መቶ እጥፍ ያስገኘውን ጂም ዳንዲን ያስታውሳል፤ በዚያው ዋጋ ሮጠው ኋላ የቀሩትን እልፍ ፈረሶች ግን ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ሪቻርድ ግሪፊዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር በ1949 ባሳተመው ጥናት፣ ሕዝቡ ተስፋ ባልተጣለባቸው ፈረሶች ላይ ከሚገባው በላይ፣ በተመራጮቹ ላይ ደግሞ ከሚገባው በታች እንደሚወራረድ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ይህንኑ ዝንባሌ አግኝተዋል። በሌላ አነጋገር ተወራራጁ ተቀናሹን ከፍሎ ሲያበቃ በተስፋው ላይ ሌላ ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። ተመራጩን ፈረስ የያዘም ሰው ቢሆን ከሦስት ሩጫ በአንዱ ያህል ብቻ እንደሚያሸንፍ ማወቅ አለበት።

እርግጥ ነው፣ ድምሩን በስሌት የረቱ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ በጣም የታወቀው በ1980ዎቹ ወደ ሆንግ ኮንግ የሄደው አሜሪካዊው ቢል ቤንተር ነው። በ1994 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ የራሱ የስታቲስቲክስ ስሌት ብቻውን አልበቃም፤ ስሌቱን ሕዝቡ በገንዘቡ ካወጣው ዋጋ ጋር ማዋሐድ አስፈልጎታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሕዝቡ ዋጋ ቀላል ተቃዋሚ አለመሆኑ ነው፤ ብዙ ሺህ ሰዎች የሚያውቁት ሁሉ አስቀድሞ ተደምሮበታልና። ሁለተኛው በዚህ መንገድ ለመሄድ የዓመታት መረጃ፣ የኮምፒዩተር ኃይልና ኪሳራን የሚችል ካፒታል የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወር ደመወዙን ይዞ መስኮት ላይ የሚቆም ሰው ከእንዲህ ዓይነቱ ተወራራጅ ጋር በአንድ ድምር ውስጥ ይገባል።

የተቆረጠው ዋጋ

ሁለተኛው የውርርድ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በፈረስም ሆነ በጎልፍ የተለመደው ነው። በዚህ ዘዴ አወራራጁ ዋጋውን አስቀድሞ ይቆርጣል፤ ተወራራጁም በዚያ ዋጋ ይዋዋላል። አወራራጁ እንደ ጋራ ድምሩ አዘጋጅ ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ ግምቱ ቢስት ከኪሱ ይከፍላል። ሥራው ከመድን ሰጪ ሥራ ጋር የሚመሳሰለውም በዚህ ነው። መድን ሰጪው በዓረቦኑ ላይ መጠባበቂያ እንደሚጨምር ሁሉ አወራራጁም ዋጋውን ከእውነተኛው ዕድል ዝቅ አድርጎ ይቆርጣል።

ሁለት እኩል ችሎታ ያላቸው ጎልፈኞች በመለያ ጨዋታ ቢገናኙ፣ ትክክለኛው ዋጋ ለእያንዳንዱ በአንድ ፓውንድ መነሻውን ጨምሮ 2 ፓውንድ ነው። አወራራጁ ግን 1.90 ይሰጣል። አንድን በ1.90 ማካፈል ከመቶ 52.63 ስለሚሆን የሁለቱ ድምር 105.26 ይመጣል። ከመቶ በላይ ያለው 5.26 የአወራራጁ መጠባበቂያ ነው። የኦፕን ሻምፒዮና በ1860 በስኮትላንድ በፕረስትዊክ ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ብቻ ነበሩ፤ በዚህ ዘመን 156 ናቸው። ተወዳዳሪው ሲበዛ ከእያንዳንዱ ዋጋ ላይ ትንሽ ትንሽ መቁረስ ይቻላል፤ የተቆረሰውም ከዓይን ይሰወራል። ድምሩ 140 ቢደርስ፣ ውርርዱ በሁሉም ላይ እንደ ዋጋቸው ሲከፋፈል ከ100 ፓውንድ ለተወራራጆች የሚመለሰው 71.43 ብቻ ነው። ይህ ከኒው ዮርኩ ተቀናሽ እጅግ የከፋ ነው፤ ሆኖም በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይገኝም። አንባቢው ራሱ መደመር አለበት።

ጎልፍ ደግሞ ለእርግጠኝነት የማይመች ጨዋታ ነው። በ1999 በካርኑስቲ ዣን ቫን ደ ቬልደ በሦስት ምት ብልጫ እየመራ ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ደርሶ ሰባት ምት ፈጀበት፤ ዋንጫውንም በመጨረሻው ቀን ማለዳ በአሥር ምት ኋላ የነበረው ፖል ሎሪ በመለያ ወሰደው። በ2003 በሮያል ሴንት ጆርጅስ ያሸነፈው ቤን ከርቲስ በዓለም ደረጃ 396ኛ ነበር፤ ከታላላቆቹ ውድድሮች በአንዱ ሲሳተፍም የመጀመሪያው ነበር። በ2009 በተርንበሪ የ59 ዓመቱ ቶም ዋትሰን የመጨረሻውን ጉድጓድ በተመደበለት ምት ቢጨርስ ኖሮ ሻምፒዮን በሆነ ነበር፤ አንድ ምት ጨመረና በመለያው በስቱዋርት ሲንክ ተረታ።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ተወራራጆች «ለማሸነፍም ለደረጃም» የሚባለውን ውርርድ ይመርጣሉ። ከመነሻው ገንዘብ ግማሹ ለአንደኛነት፣ ግማሹም እስከ አምስተኛ ለመግባት ይውላል፤ ለደረጃ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ የዋናው ትርፍ አንድ አራተኛ ወይም አንድ አምስተኛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነበው አንቀጽ አለ። አራት ጎልፈኞች በአራተኛነት እኩል ቢወጡ የቀሩት የክፍያ ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ የተወራራጁ መነሻ በግማሽ ይቆረጣል። በ40 እጥፍ ትርፍ በተቆረጠ ጎልፈኛ ላይ ለደረጃ 10 ፓውንድ የያዘ ሰው፣ በአንድ አምስተኛ ስሌት 90 ፓውንድ ሲጠብቅ የሚቀበለው 45 ነው። በጎልፍ እኩል መውጣት የዘወትር ነገር ስለሆነ ይህ አንቀጽ የዋጋው አካል ሆኖ መታሰብ ይገባዋል።

አወራራጁ ራሱ በስሌት የተረታበት ጊዜም አለ። በ1991 ሁለት እንግሊዛውያን በየከተማው ወደሚገኙ የውርርድ ቤቶች እየዞሩ፣ በታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች ላይ ከተጫዋቾች መካከል አንዱ በአንድ ምት ኳሷን ከጉድጓድ ያገባል ብለው ተወራረዱ። ብዙዎቹ የውርርድ ቤቶች ነገሩን እንደ ተአምር ቆጥረው ከፍተኛ ዋጋ ሰጡ። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት አንድ ባለሙያ በአጭር ጉድጓድ ላይ ይህን የሚያደርገው ከ2,500 ሙከራ አንድ ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 156 ሰዎች፣ በቀሩት ሁለት ቀናት 70 ያህል ሰዎች በቀን በአራት አጭር ጉድጓዶች ላይ ቢጫወቱ ሙከራው 1,808 ይሆናል። በዚህ ሁሉ ሙከራ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሳካቱ ዕድል ከመቶ 51 ያህል ነው። ለአንድ ሰው ብርቅ የሆነው ለውድድሩ በሙሉ ግማሽ በግማሽ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ዓመት ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አሸነፉ። ያሸነፉት ማን ኳሷን እንደሚያገባ ዐውቀው ሳይሆን ዋጋው ስሕተት መሆኑን ዐውቀው ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ግን አይደገምም።

የባለሙያው ድርሻ

ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። የኒው ዮርክ ግዛት ውርርድን አጥብቆ በመከልከሉ በ1911 እና በ1912 በግዛቱ የፈረስ እሽቅድምድም ቆሞ ነበር። ብሪታንያ በ1906 የመንገድ ላይ ውርርድን ከልክላ፣ በ1960 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1961 ጀምሮ የውርርድ ሱቆች እንዲከፈቱ ፈቀደች። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ቀድሞ የነበረውን የፌዴራል ክልከላ በመሻሩ፣ በጎልፍና በሌሎች ስፖርቶች ላይ የሚደረገው ውርርድ በብዙ ግዛቶች ተስፋፋ። ከሜዳው መስኮት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ኪስ ስልክ የተሸጋገረው ውርርድ ዛሬ አገርና ወቅት አይለይም። በሕግ የተፈቀደ መሆኑ ግን የዋጋውን ስሌት አይለውጠውም።

ይህ ነገር ወደ ሒሳብ ክፍል የሚገባው አንድ ገንዘብ ያዥ በውርርድ ያጣውን ከካዝና ወስዶ «ሰኞ እመልሳለሁ» ያለ ዕለት ነው። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን እንደ ሌባ አይቆጥርም፤ እንደ ተበዳሪ ነው የሚቆጥረው። የሐሳቡ መሠረት ገንዘቡ በውርርድ ይመለሳል የሚል ነው። 1,000 የጎደለው ሰው ሌላ 1,000 ወስዶ እጥፍ በሚከፍል ውርርድ ላይ ቢያውለው፣ በ16 በመቶ ተቀናሽ ጉድለቱን የሚሞላበት ዕድል ከመቶ 42 ነው። ቢሸነፍ ጉድለቱ 2,000 ይሆናል፤ ያንኑ ያህል ወስዶ ደግሞ ቢሸነፍ 4,000፣ ከዚያም 8,000፣ ከዚያም 16,000። በተከታታይ አራት ጊዜ የመሸነፍ ዕድል ከመቶ 11 ያህል ነው። ቀሪዎቹ ሰማንያ ዘጠኙ ጉድለታቸውን ሞልተው ማንም ሳያውቅባቸው ያልፋሉ። ትልቁ አደጋም እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱ አንድ ጊዜ ያወጣው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ፍርሃት ይመለስበታልና። በተመላለሰ ቁጥርም ከአሥራ አንዱ አንዱ ወደ መሆን ይቀርባል።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት በዚህ ረገድ ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው የጥበቃ ሥራ ነው። ገንዘብ የሚይዝና መዝገብ የሚጽፍ ሰው አንድ እንዳይሆን ማድረግ፣ የካዝና ቆጠራን ቀኑ በማይታወቅበት ጊዜ ማካሄድ፣ ገንዘብ ያዥ የዓመት ዕረፍቱን ሳያሸጋግር እንዲወስድና በዕረፍቱ ጊዜ ሌላ ሰው ተረክቦ እንዲሠራ ማድረግ ሁሉም የታወቁ ሥርዓቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን «እርሱ የታመነ ሰው ነው» በሚል ይታለፋሉ። እነዚህ ሥርዓቶች የታመነውን ሰው ከራሱ የ«ሰኞ እመልሳለሁ» ሐሳብም ይጠብቁታል፤ ቆጠራው መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ሰኞን ሊቀጥር አይችልምና።

ሁለተኛው የማስረዳት ሥራ ነው። ውርርድ ነውር ነው የሚለውን ምክር ወጣቱ ከቤተሰቡም ከእምነት አባቶቹም ሰምቶታል፤ ስሌቱን ቁጭ አድርጎ ያሳየው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። 1,000 በአሥር ሩጫ 175 የሚሆንበትን፣ የዋጋዎች ድምር 140 የሚመጣበትን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ ማሳየት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። ለመዝናናት ጥቂት ገንዘብ መድቦ እንደ ቲያትር መግቢያ ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ዐውቆ ይከፍላል፤ በዚህ ላይ ሒሳብ የሚናገረው የለም። ዋጋውን ሳያውቅ እንደ ገቢ ምንጭ ለሚቆጥረው፣ ይልቁንም ጉድለት ለመሙላት ለሚሄድበት ሰው ግን ሒሳብ የሚናገረው ብዙ አለ፤ ያንንም በጊዜው ሊነግረው የሚገባው በጎኑ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የሙያ ባልደረባው ነው።